ሐይቁ «አላውቅም» ያለ ዕለት

በ2078 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ የመረዋ ሐይቅ እንደ ልማዱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የዕለቱን ፈቃድ አወጣ። ድምፁ ከየቤቱ ግድግዳ፣ ከመስጊዱ ደጃፍ፣ ከዳቦ ቤቱና ከጀልባ ማሰሪያው በአንድ ጊዜ ተሰማ።

«የመረዋ ነዋሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ» አለ ሐይቁ። «ዛሬ ለእያንዳንዱ ቤት አርባ ሊትር ውኃ ተፈቅዷል። በሳሙና ልብስ ማጠብ አልተፈቀደም። ልጆች በምዕራቡ ዳርቻ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት መዋኘት ይችላሉ። ቆሮሶ ዓሣ ለአንድ ጀልባ ስድስት ኪሎ። አምባዛ አይነካም። መልካም ቀን።»

ጎረቤቷ እትዬ ድንቄ ማታ የዘፈዘፉትን ልብስ ከሳሙናው እያወጡ ሲያጉረመርሙ ጦይባ ይመር በአጥሩ በኩል ሰማቻቸው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያድረውና የሚውለው። ሐይቁ ከፈቀደ ይታጠባል፤ ካልፈቀደ የቆሸሸው ተለብሶ ይዋላል። አንድ ሙሽራ ሐይቁ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዳርቻው ከብት ማረድ ስለከለከለው ሠርጉን ሦስት ጊዜ አዛውሮ፣ በመጨረሻ ሙሽሪት ራሷ ስቃ አትክልት ቀቅላ ገብታለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ለሁለት ቀን ይስቃል። በሦስተኛው ቀን ግን ከአልጋው ሳይወርድ «ሐይቁ ዛሬ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ድምፁ የሴት ነው። ለስለስ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ቁጥር ከመናገሩ በፊት ትንሽ የሚያስል ድምፅ። የፕሮፌሰር ትብለጥ እሸቴ ድምፅ ነበር። እሳቸው በ2049 ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ ሐይቁ በማን ድምፅ ይናገር ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ፣ በገበያው ሜዳ እጅ ወጥቶ የተመረጠው የእሳቸው ሆነ። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ሳሉን አውጥተውት ነበር። ሕዝቡ «ይኼ እሳቸው አይደሉም» ብሎ አቤት አለ፤ ሳሉም ተመለሰ።

ፕሮፌሰሯ መረዋ የመጡት በ2016 ነው። ያን ጊዜ ሐይቁ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነበር ይባላል። ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ የሽንኩርት እርሻው እስከ ውኃው ጠርዝ ወርዷል። ከእሳቸው በፊት አንዱ ምሁር ዓሣውን ይቆጥራል፣ ሌላው ውኃውን ይመዝናል፣ ሦስተኛው ስለ ሣሩ ይጽፋል፤ እርስ በርስ ግን አይገናኙም። እሳቸው አንድ ገመድ፣ አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ ሳህንና እንደ አቧራ የደቀቁትን የውኃ ቁንጫዎች የሚያጠምድ መረብ ይዘው ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሦስት ዓመት ጀልባ ላይ ተቀመጡ። ማን ማንን እንደሚበላ ጻፉ። አረንጓዴውን ቁንጫው ይበላዋል፤ ቁንጫውን ትንሹ ዓሣ፤ ትንሹን ትልቁ፤ ትልቁን ወፉና ሰው። ሽንኩርቱ ላይ የተነሰነሰው ማዳበሪያ ደግሞ በዝናብ ታጥቦ አረንጓዴውን ይመግበዋል። «ሐይቅ ቤተሰብ ነው» ይሉ ነበር። «ማን ምን እንደበላ ሳንጠይቅ የትኛው እንደታመመ አናውቅም።»

ይህ ዛሬ የሁለተኛ ክፍል ትምህርት ነው። ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው አስቆጥቷል። በ2040ዎቹ የአገሪቱ ሐይቆች በሙሉ በእሳቸው መንገድ ይተዳደሩ ጀመር፤ ጎረቤት አገሮችም ወሰዱት። ውኃው ውስጥ ዘጠኝ ሺህ መቁጠሪያ ዓይኖች ሲተከሉና ሐይቁ ራሱን በራሱ እንዲመራ ሲወሰን፣ ፕሮፌሰሯ አርጅተው ነበርና በአንድ ነገር ብቻ ተከራከሩ። በየሐይቁ፣ በየቀኑ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ አንድ ሰው በጀልባ መሐል ገብቶ ነጩን ሳህን ከዓይን እስኪጠፋ ያውርድ፤ የጠፋበትንም ጥልቀት በእጁ ይጻፍ። ይህም ሕግ ውስጥ ገባ።

ጦይባ የመረዋ አራተኛዋ ባለ ሳህን ነበረች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራውን ከያዘች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ አንድ እርሳስና አንድ መዝገብ አላት። ጥሩ ቀን ሳህኑ ሦስት ሜትር ከሃያ ድረስ ይታያል። እሷም «3.2» ብላ ትጽፋለች፤ ቁጥሯ ከዘጠኝ ሺህ ቁጥሮች ጋር ይቀላቀላል። ዋና ከተማ ያለው የሐይቆች ጽሕፈት ቤት ነገሩን እንደ ደግ ልማድ ነበር የሚያየው። የሚጠቅም ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ የሚጎዳ ነው ያለም የለም።

በዚያው ሳምንት ግን ነፋስ ገባ። ከሰሜን የመጣ ደረቅና ብርድ ያለበት ነፋስ ለአሥር ቀን ሳያቋርጥ ነፈሰ። ውኃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ እንደ ሻይ ቀላ፤ ቀጥሎም የተበላሸ እንቁላል ይሸት ጀመር። ሳህኑ በአንድ ሜትር ከአሥር ጠፋ፣ በማግስቱ በዘጠና ሳንቲ ሜትር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጦይባ ሰባተኛውን ቋጠሮ ስትለቅ ሳህኑ የለም። ሁለት ጊዜ ደገመችው። «0.7» ብላ ጽፋ፣ የራስ መሸፈኛዋን አጥብቃ ወደ ዳር ቀዘፈች።

ረቡዕ ጠዋት ሐይቁ ሰላምታውን አሰማ።

«ታምሜአለሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር በጤናዬ ዘመን ደርሶብኝ አያውቅም። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ለሰባት ዓመት አርፋለሁ። ማጥመድ፣ መዋኘት፣ ውኃ መቅዳት አይቻልም።» ከዚያ አሳለና ቁጥሩን ተናገረ። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የአጥማጅ ቤተሰቦች በደጋው ከተማ ቤት ተዘጋጅቶላቸዋል። ቤቶቹ ፀሐይ የሚገባባቸው ናቸው። መልካም ቀን።»

ዝርዝሩ ወዲያው በየግድግዳው ላይ ታየ። የጦይባ ባል ሙሔ አርባ አንደኛ ነበር። ስሙን አነበበ፤ ዝርዝሩ ይሳሳት እንደሆነ ብሎ ይመስላል፣ እንደገና አነበበ። ከዚያ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን የዕቃ ማጓጓዣ ሣጥኖቹ መጡ። ማንም አልነዳቸውም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ በባለቤቱ ደጅ ቆሞ ክዳኑን ከፈተ። በጎናቸው የቤተሰቡ ስም ተጽፎባቸዋል። ማንም ግን አንድ ዕቃ አላስገባባቸውም። የእትዬ ድንቄ ዶሮ ብቻ ዘልላ ገብታ ተቀመጠች።

ሐሙስ ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው መጣ። ናሁሠናይ ድልነሳ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ጫማው ለጭቃ ያልተሠራ ሰው። ሐይቅ ሲዘጋ የሳህኑ መዝገቦች ታሽገው ይወሰዳሉና እነሱን ሊረከብ ነበር የመጣው። ጦይባ በር ስትከፍትለት ግን ዓይኑ ያረፈው በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሳህን ላይ ነበር።

«መንካት ይቻላል?» አላት።

«ሳህን እኮ ነው። ይንኩት።»

በሁለት እጁ ያዘው። «ስለ ፕሮፌሰር ትብለጥ ነው መመረቂያዬን የጻፍኩት። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሳህን አነበብኩ፤ በዓይኔ ሳየው ግን ዛሬ ነው።»

ጦይባ ሳቀች። «እንግዲያው ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ይምጡና ያውርዱት።»

ነፋሱ ትንሽ ጋብ ብሎ ነበር። መሐል ሲደርሱ ገመዱን ሰጠችው። ናሁሠናይ እንደ ተማሪ ምላሱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ለቀቀው። «ጠፋ» አለ፤ ቋጠሮውንም ቆጠረ። ሰባት ነበር። ፊቱ ላይ ደስታና ኀዘን አንድ ላይ ታየ።

«አሁን እንግዲህ በእርግጥ ታሟል ማለት ነው» አለ።

«ከምን አወቁት?» አለች ጦይባ። «ነፋስ ሲነፍስ ውኃ ይደፈርሳል።»

«እሱን ሐይቁም አስቦታል። እንዲህ ያለ ረጅም ነፋስ ከዚህ በፊት የነፈሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2069 ጥር ወር። ያን ጊዜ መቁጠሪያዎቹ ለጥገና ወጥተው ስለነበር ያለው መረጃ የእርስዎ ሳህን ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኙንም ቀን ሦስት ከአሥር፣ ሦስት ከሃያ እያሉ ጽፈዋል። ውኃው ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ያኔ ጤነኛው ሐይቅ ነፋሱን ችሎታል፤ ዘንድሮ አልቻለም። ፍርዱ የተሰጠው በእርስዎ ቁጥሮች ነው።» ከዚያም በአክብሮት ጨመረ፦ «ፕሮፌሰሯ ይኼን ቢሰሙ ምን ያህል ደስ ባላቸው። ሳህኑ ከዘጠኝ ሺሁ ዓይን በለጠ።»

ጦይባ መቅዘፊያውን ያዘች። እስከ ዳር ድረስ ሳታርፍ ቀዘፈች።

በ2069 ጥር ወር ሥራውን ከያዘች ሁለተኛ ወሯ ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ልጇንም አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ነፋሱ በጀመረበት ቀን መሐል ሳትደርስ ጀልባዋ ውስጥ እስከ መቀመጫው ውኃ ሞላ። በጣሳ እየጨለፈች፣ እያለቀሰች ተመለሰች። ቤት ገብታ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መዝገቡን ከፈተች፤ የባለፈውን ሳምንት ቁጥር አየች፤ «3.1» ብላ ጻፈች። ነገ እወጣለሁ ብላ ነበር። ነገም ነፈሰ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ጻፈች። ነፋሱ ሲቆም ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ከወሊድ ዕረፍቷ በቀር አንድም ቀን አላጎደለችም። የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

በዚያ መስኮት ግን ያየችው ነገር ነበር። ውኃው እንደ ሻይ ቀልቶ ነበር። ዓሣው አየር ሲያጥረው አፉን ከፍቶ ወደ ዳር መጣ፤ ሰዉም በሳፋና በቅርጫት፣ በነጠላው ሳይቀር ለቀመው። ወር ሳይሞላ ውኃው ጠራ። ሐይቁ ታሞ ሳይሆን ከሥሩ ተገልብጦ፣ የታችኛው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተኝቶ ነበር።

ቤት ስትገባ ሙሔ የመረቡን ተንሳፋፊዎች እየፈታ በዓይነት ይለያል።

«ሙሔ» አለችው። «የ2069ኙን ቁጥር ወጥቼ አልለካሁትም። ቤት ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

ሙሔ ቀና አላለም። «አውቃለሁ።»

«ምን ታውቃለህ?»

«በበሩ ስገባ ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ከአንድም ሁለት ሦስት ቀን።»

ጦይባ ባለችበት ቁጭ አለች። «ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?»

«ሆድሽ እዚህ ደርሶ» አለ ሙሔ፣ ተንሳፋፊውን ወደ ፊት ዘርግቶ እያሳያት፣ «ወደዚያ ነፋስ ውጪ ልበልሽ? እኔ አጥማጅ ሆኜ ያልወጣሁበት ነፋስ ነው። ደግሞ ቁጥር ነው ብዬ፣ ቁጥር ማንን ይጎዳል ብዬ።»

ሙሔ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ብናገር ሳህኑን ከሁሉም ሐይቅ ያነሡታል» አለች ጦይባ። «ድሮም ይጠቅማል አይሉትም። ሰው ይዋሻል፣ ዓይኖቹ አይዋሹም ይላሉ። የሳቸውን አደራ ያጠፋሁት እኔ እሆናለሁ።»

«ባትናገሪስ?»

«ባልናገር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ይሄዳል።»

ሙሔ የመጨረሻውን ተንሳፋፊ ቅርጫት ውስጥ ጣለ። «እኔ ደጋ ብወጣ ችግር የለብኝም፤ እሸምናለሁ፣ እንጨት እሠራለሁ። አንቺ ግን ጦዬ፣ ይኼን ይዘሽ ደጋ መኖር አትችይም። አውቅሻለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የስንብት ስብሰባ ተጠራ። ሕጉ ነዋሪዎች ሐይቁን የመጨረሻ ጥያቄ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። የአጥማጆቹ ሰብሳቢ አያ ቡሽራ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ተነሥተው ሐይቁ ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆኖ መዳኑን እንደሚያስታውሱ ተናገሩ።

«ትዝታ ልኬት አይደለም» አለ ሐይቁ በትሕትና። «በመዝገቡ ላይ የለም።»

አያ ቡሽራ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጦይባ ተነሣች። የፊት ለፊቱን ወንበር ጫፍ ያዘች።

«በመዝገቡ ላይ የሌለው እኔ ስላልወጣሁ ነው» አለች። «ከጥር ሦስት እስከ ጥር ሃያ አንድ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሳህኑን አላወረድኩም። ፈርቼ ነበር። ቁጥሮቹን ከቤቴ ነው የጻፍኳቸው። ውኃው ግን ዘንድሮ እንደሆነው ሆኖ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ውይ፣ ጦይባ» አለ፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ የሐዘኔታ ይመስል ነበር። አያ ቡሽራ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ዓሣውን በነጠላ የለቀምንበት ዓመት አይደለም እንዴ?»

«እሱው ነው፣ አያ።»

«እኔማ ዓመቱ ተምታቶብኝ፣ አብጄ ነው ብዬ ነበር!» አሉ ሽማግሌው። ሦስት ጊዜ ለጽሕፈት ቤቱ ጽፈው ሦስቱንም ጊዜ መዝገቡ እንደማይደግፋቸው ተነግሯቸው ነበር። ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱና ትተውት «እፎይ» ብለው ተቀመጡ።

ናሁሠናይ መድረኩ ላይ ፊቱ አመድ መስሏል። በዋዜማው ያሞገሰላትን ቁጥር በፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ያያል። መጥፋት የሚችለው በእሱ ፊርማ ብቻ ነው፤ ፊርማው ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ የሰጠውን ፍርድ ይሽራል።

«እርግጠኛ ነዎት?» አላት።

«ሳህኑን አላየሁትም» አለች ጦይባ። «ያላየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ናሁሠናይ አሥራ ዘጠኙን ቁጥር አንድ በአንድ ሰረዘ። ሲጨርስ እጁን ከሰሌዳው ላይ አነሣ።

ሐይቁ ዝም አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለጥያቄ እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም። ከዚያ አሳለ። ሰዉ ሁሉ ቁጥር ይጠብቅ ጀመር። ቁጥር አልመጣም።

«የመረዋ ነዋሪዎች» አለ። «አላውቅም።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ድንቄ ናቸው። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ግን አመለጣቸው። ከጎናቸው ያለው ሰው ሳቀ፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ያሉት፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከጭንቀት የወጣ ሰው ሳቅ ስለሆነ ቶሎ አላቆመም። ጦይባም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሐይቁ ካላወቀ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ናሁሠናይ ሕጉን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። ከመቶ ሰባ አንቀጾች መካከል አንዲት አጭር ነበረች፤ ማንም ጠቅሷት አያውቅም። ጮክ ብሎ አነበባት፦ «ሐይቁ ያላወቀ እንደሆነ፣ መዘጋቱ ቀርቶ ለሠላሳ ቀን የሐይቁ ሰዎች ሄደው ይዩ።»

«ስንት ሰው?» አሉ አያ ቡሽራ።

«ቁጥር የለውም። ‹የሐይቁ ሰዎች› ነው የሚለው።»

በማግስቱ በመስጊዱ ፊት ለፊት የነጭ ቀለም ባልዲ ተቀመጠ። ሰዉ የድስት ክዳን፣ ትሪ፣ የአሮጌ ማቀዝቀዣ በር፣ ከጤና ጣቢያው የተለገሰ ጠፍጣፋ ሳፋ አመጣ። ጦይባ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ እንዴት እንደሚቋጠር እየዞረች አሳየች። ቀለሙ እስኪደርቅ ሁሉም እጁ ነጭ ሆኖ እርስ በርሱ ተቀባባ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሃምሳ ስምንት ጀልባ ወጣ። ናሁሠናይም በአንዱ ነበር። መቅዘፍ እስኪለምድ ሁለት ጊዜ ውኃ ገባ፤ በሁለተኛው ጊዜ ጫማውን ሐይቁ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እግሩ ሄደ።

በእነዚያ ሠላሳ ቀናት ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ፈቃድ አላወጣም። ይህ ከሽታው ይልቅ ሰዉን አስቸገረው። የመጀመሪያው ሰኞ አንድ ጎልማሳ ባልዲ ይዞ ደጁ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመ፤ ስንት እንደሚቀዳ አያውቅም። እትዬ ድንቄ በአጥሩ በኩል «ጦይባ፣ ልብስ ልጠብ ወይስ ልተው?» ይሏታል። «እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ» ትላቸዋለች። ከዚያ ሁለቱ አብረው ወርደው ውኃውን አይተው፣ ሌሎችም መጥተው፣ በጋራ «ለዛሬ ይቅር» ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተለመደ። ሰዎች ጠዋት ዳር ላይ ይገናኙ ጀመር፤ ስለ ውኃው ለመነጋገር መጥተው ስለ ሌላም ያወሩ ነበር።

ነፋሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆመ። በአሥራ ሰባተኛው ሳህኖቹ በአንድ ሜትር ከሃያ ጠፉ፤ በሃያ ሦስተኛው በሁለት ሜትር። በዚያ ቀን ናሁሠናይ አንድ ብርጭቆ ውኃ በማጉያ መስታወት ሲያይ ቆይቶ ጀልባው ላይ ብድግ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ቁንጫዎቹ!» አለ። «ተመልሰዋል። እንቁላል የያዙም አሉ።»

በሠላሳኛው ቀን ሃምሳ ስምንቱም ጀልባ መልሱን ሲያመጣ አማካዩ ሁለት ሜትር ከዘጠና ሆነ። ሐይቁ ቁጥሩን ተቀብሎ ጤነኛ መሆኑን ተናገረ፤ ቆሮሶ ለአንድ ጀልባ አምስት ኪሎ ፈቀደ። ሣጥኖቹ ክዳናቸውን ዘግተው፣ እንደመጡት ተሰልፈው ሄዱ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ የእትዬ ድንቄ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበት ስለነበር ናሁሠናይ ራሱ ይቆይ ብሎ ፈረመበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለጦይባ ደብዳቤ ደረሳት። ከባለ ሳህንነት ተነሥታለች። ናሁሠናይ ደብዳቤውን በእጁ ይዞላት መጣ፤ የጻፈው እሱ ነበርና አንገቱን ደፍቷል።

«ይገባኛል» አለች ጦይባ። «ሳህኑስ? ሊያነሡት ነው?»

«ሊያነሡት አስበው ነበር» አለ። «ግን ሌላ ነገር ሆነ። የእርስዎን ነገር የሰሙ ባለ ሳህኖች ከየሐይቁ ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። አንዱ የእናቱ ለቅሶ ላይ ነበር፤ አንዷ እንቅልፍ ወስዷት። እስከ ትናንት አራት መቶ ስድስት ቀን ተሰርዟል። አሁን ሐይቆቹ በወር አንድ ሁለቴ ‹አላውቅም› ይላሉ። ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ ደነገጠ። በኋላ ግን ትንበያቸው ከድሮው ይልቅ መስመር እየያዘ መሆኑን አየ። ሳህኑ ይቀጥላል፤ በእያንዳንዱ ሐይቅ ነዋሪው በተራ ያወርደዋል። እርስዎ ደግሞ ፈቃደኛ ከሆኑ ያስተምራሉ።»

«አንተስ?» አለችው፤ «እርስዎ» ማለቱን በዚያ ሰሞን ትታው ነበር።

«እኔ እዚህ ለመቀመጥ ጠይቄአለሁ» አለ ናሁሠናይ፤ በአዲሱ የጎማ ጫማው መሬቱን እየነካካ።

የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ለእትዬ ድንቄ ነው። ያን ቀን ጦይባ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስድስት ሰዓት ቤቷ ነበረች። ሙሔ ጠዋት ያጠመደውን ቆሮሶ ጠብሶ አቀረበ። ቁጭ ብላ እጇን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። በስድስት ሰዓት ላይ ምሳ መብላት ረስታ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትበላው የቀዘቀዘ ነበር።

አንድ ጊዜ ሳትጎርስ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ድንቄ ሳህኑን በደረታቸው አቅፈው፣ ገመዱን በትከሻቸው አድርገው ቆመዋል። ውጭ ነፋስ ነበር፤ ያን ያህል ባይሆንም ቀሚሳቸውን ያርገበግበዋል።

«ጦይባ» አሉ። «ወረድኩ፣ ጀልባውን አየሁት፣ ይወዛወዛል። እኔ ዋና አልችልም። መሐል ሳልደርስ ብገለበጥስ? ግን የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሰው ምን ይላል? ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አልወጣሁም ብለው ይጻፉ፣ እትዬ።»

«እንዲሁ? ቁጥር ሳልጽፍ?»

«እንዲሁ።»

እትዬ ድንቄ መዝገቡን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እርሳሱን በምላሳቸው አርሰው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ትልልቅ አድርገው ጻፉ፦ «ነፋስ ነበር። ፈራሁ። አልወጣሁም። ድንቄ።» አዩት። ትንሽ አሰቡና ቀኑን ጨመሩበት።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ» አለች ጦይባ። «አሁን እጅዎን ይታጠቡና ይቅረቡ፤ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።»